የጠራዧ ሰውነት

መጽሐፍ ጠራዧ የተገኘችው እሑድ ጠዋት በማተሚያ ቤቱ የወረቀት መጋዘን ውስጥ፣ ከተናደ የወረቀት ክምር ሥር ነበር። ያገኛት ባለ ማተሚያ ቤቱ ራሱ ነው። ለሰኞ የሚደርስ ሥራ ስለነበረበት በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈው ከነጩ ወረቀት መሃል ብቅ ባለ ጫማ ላይ ነው። «ማነው ይሄ ዝርክርክ፣ ጫማውን እዚህ የጣለው!» እያለ ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው ሲል እግር አለበት።

መርማሪዋ ስትደርስ ሰውየው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። አላስቸገረችውም፤ አልፋው ገባች። በፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ከኋላዋ «ችኮ» ይሏታል። ሰምታዋለች፣ አልጠላችውም። ያየችውን ነገር ዞራ ደግማ ካላየች፣ ካልነካካች፣ ካላሸተተች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት።

ወረቀቱን አንድ በአንድ አስነሳች። ሟቿ የሥራ ሽርጧን እንደታጠቀች በደረቷ ተደፍታለች። ላይ የተቆለለው ጥቅል ተንዶባት የሞተች ትመስላለች። ግን የወረቀት ጥቅል ጠፍጣፋ ነው፤ ማጅራቷ ላይ ያለው ቁስል ደግሞ ጠባብና ጥልቅ።

መርማሪዋ ወደ ጎን ወዳለው የመጠረዣ ክፍል ዘለቀች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ኮላ ጠጥቷል፤ ጠረጴዛው፣ ብሩሹ፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር። ጥራዝ የሚታሰርበት መጭመቂያ ላይ የተሰካው የብረት ዘንግ ብቻ ተወልውሎ ያበራል።

«ይሄን ማንም እንዳይነካው» አለች።

አብሯት የመጣው ሳጅን ከሟቿ ሽርጥ ኪስ መታወቂያ አውጥቶ ያገላብጥ ነበር። መታወቂያው ሰማያዊ ነው። ፊቱ ወዲያው ተዝናና።

«እንግዳ ናት እኮ! እኛንስ ምን አደከመን? ማዘጋጃ ቤት መኪና ይላክ ልበል?»

«የማዘጋጃ ቤት መኪና የሚጠራው ለሞተ ውሻ ነው። ሐኪሙን ጥራልኝ።»

እንግዶቹ የመጡት መርማሪዋ ገና ተማሪ ሳለች ነው። ከሰማይ የሚወርድ ፍጡር ይመጣል ከተባለ ጀምሮ ሰዉ ሁሉ ቀንድ ያለው፣ ዓይኑ ግንባሩ ላይ የበቀለ ጉድ ሲጠብቅ፣ የወረደው ግን ቁርጥ ጎረቤቱን የሚመስል፣ የደከመውና የራበው ሕዝብ ነበር። ልባቸው በቀኝ በኩል ነው ይባላል። ከዚያ ውጪ የሚለያቸውን ያየ የለም። ቋንቋ ለመዱ፣ ቤት ተከራዩ፣ ሥራ ያዙ፣ አረጁ። ሕግ አውጪዎቹ ግን «እነዚህ ሰው ናቸው ወይስ አይደሉም?» የሚለውን ጥያቄ አንዴ ለኮሚቴ፣ አንዴ ለንዑስ ኮሚቴ እያቀባበሉ ዓመታት አለፉ። እስከዚያው ድረስ ሰማያዊ መታወቂያ ተሰጣቸው። ላዩ ላይ «ነዋሪ» ይላል። ሲሞቱ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ይወስዳቸውና ይቃጠላሉ። የእንግዳን ሬሳ የመረመረ ሐኪም እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበረም።

*

«ተቀመጪ» አላት አለቃዋ። አልተቀመጠችም።

«ሕጉን ታውቂዋለሽ። ‹ሰው የገደለ› ነው የሚለው። ‹ነዋሪ የገደለ› አይልም።»

«ታዲያ ሰው ነው የተገደለው።»

«እሱን የምትወስኚው አንቺ አይደለሽም፣ እኔም አይደለሁም።» አለቃዋ መሳቢያውን ስቦ አንዲት ቀጭን ጥራዝ ጠረጴዛው ላይ ወረወረላት። ሽፋኗ ላይ «ሰው ማን ነው?» ይላል። «ቅዳሜ ማታ አዳራሽ ውስጥ ንግግር ነበር፤ እኔም ሄጄ ነበር። ይሄን በሩ ላይ ያድሉ ነበር። ጠበቃ ነው የጻፈው፣ የተማረ ሰው ነው። አንብቢውና ልብ ግዢ።»

መርማሪዋ ጥራዙን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ ጠራዧ የሞተችበት ማተሚያ ቤት ምልክት አለ። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እሺ፣ ልመርምር?»

«እስኪደክምሽ መርምሪ። እኔ ግን ‹ግድያ› የሚል ወረቀት ላይ አልፈርምም።»

ሐኪሙን ያገኘችው ጓንቱን ሲያወልቅ ነው። ሽማግሌ ነው፣ ሬሳ ፊት እንኳ ቀልድ የማይለየው። ያን ቀን ግን አልቀለደም።

«እንዳልሽኝ እንደ ማንኛውም ሟች ነው ያየኋት። ምንም ልዩነት አላደረግሁም። የገደላት ምቱ ነው፤ ወረቀቱ የተናደው ከሞተች በኋላ ነው። በሬሳዋ ሙቀት ስንሄድ የሞተችው ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ግድም ነው።» ጓንቱን ባልዲ ውስጥ ጣለ። «ሌላም ነገር አለ። ነፍሰ ጡር ነበረች።»

መርማሪዋ ይህንንም ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

«ልቧስ?»

«በቀኝ ነው፤ እውነታቸውን ነው። የልጁ ደግሞ በግራ ነው።»

*

ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ያነጋገረቻቸው መጠረዣው ክፍል ውስጥ ነው። ቅዳሜ የግማሽ ቀን ሥራ ስለሆነ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ወጥተዋል። ጠራዧ ብቻ የጀመረችውን ልጨርስ ብላ ቀርታለች። የግቢው ዘበኛ የሚገባው ሲመሽ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

ማሽኒስቱ ዓይኑን በጨው አጥቦ ገባ።

«አልወዳትም ነበር፤ ምን ልዋሽ? ከእነሱ ጋር መሥራት አልፈልግም ብዬ ለአሠሪያችን ነግሬዋለሁ። ተጣልተናል። ሁሉም ይመሰክርብኛል።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«‹ምድጃ› ስላልኳት። ሁላችንም ነው ‹ምድጃ› የምንላት፤ እኔን ግን ‹አንተ ስትለኝ ስድብ ይሆናል› አለችኝ።» አቀረቀረ። «እውነቷን ነበር።»

ቁጡ ስለሆነች ነው ስሙን ያወጡላት ብላ አሰበችና መርማሪዋ አለፈችው። ማሽኒስቱ ማታውን ቢሊያርድ ቤት ሲጫወት አምሽቷል፤ ያሸነፉት ሁሉ እየሳቁ መሰከሩለት። ዘበኛው ግን ጨብጦ የያዘው ወሬ ነበረው።

«ማታ ሁለት ሰዓት አካባቢ አንድ ሰውዬ በሩን ሲደበድብ ነበር። ‹ክፈት፣ ሚስቴ እዚህ ናት› ይላል። ማንም የለም ብዬ መለስኩት። የአውቶብስ ሾፌር ነው፤ ሲያደርሳት አየው ነበር።»

ሾፌሩ አልካደም። እናቱ ቤት፣ ከጠባቧ ሳሎን ውስጥ ካለ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን አቅፎ ነበር። ዓይኑ አብጧል። እናቱ ጥግ ላይ ወንበሯ ላይ ናት፤ ዱላዋን መሬት ላይ እያንኳኳች መርማሪዋን ከእግር እስከ ራሷ ትለካታለች።

«ሚስትህ ናት?» አለች መርማሪዋ።

«ለእኔ አዎ። መዝጋቢው ግን ‹ጋብቻ በሰውና በሰው መካከል ነው› ብሎ መለሰን። እሷ ነበረች እዚያው በር ላይ እየሳቀች እኔን ያጽናናችኝ።»

«ቅዳሜ ማታ ለምን ነበር የሄድከው?»

«ስትቀርብኝ ነዋ! እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መኪና ላይ ነበርኩ። ቤት ስገባ የለችም። ፈለግኋት፣ ፈለግኋት...»

«አምሽታ ታውቃለች?»

ሾፌሩ ለመመለስ አፉን ሲከፍት እናቱ በዱላዋ ወለሉን መታች። «ልጄ ደክሞታል። በቃ።»

በነጋታው አለቃዋ ሾፌሩን አሳሰረው። መርማሪዋ ቢሮው ድረስ ገስግሳ ሄደች።

«ግድያ አይደለም ብለኸኝ አልነበር? በምንድነው የታሰረው?»

«ከእንግዳ ጋር ያለፈቃድ አብሮ በመኖር። እዚያው ሳለ ያምናል፤ ያን ጊዜ ሁላችንም እናርፋለን።»

«ጥሩ ነዋ። አብሮ ለመኖር ሲሆን ሰው ሆነች፤ ለመሞት ሲሆን አልሆነችም።»

ኮሪደሩ ላይ የሾፌሩ ታላቅ ወንድም ይጠብቃት ነበር። ሱፉ ልክክ ያለ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ነው። ስሙን ሲነግራት ከቦርሳዋ ውስጥ ካለው ጥራዝ ላይ ያነበበችው ስም ሆነ። ጠበቃው እሱ ነው።

«ወንድሜ ቁጡ አይደለም» አለ። «ያቺ ነገር ግን አእምሮውን ይዛበት ነበር።»

«ያውቋት ነበር?»

«እናቴ ቤት አንድ ሁለቴ አይቻታለሁ።»

«ቅዳሜ ማታ የት ነበሩ?»

ፈገግ አለ። «አዳራሽ ውስጥ፣ ሕዝብ ፊት ቆሜ። አለቃሽ ከፊት ወንበር ላይ ነበሩ።»

«ጥራዝዎን ያሳተሙት እሷ የምትሠራበት ማተሚያ ቤት ነው።»

«ከከተማው ጥሩው እሱ ስለሆነ። እኔ ግን እግሬ ረግጦት አያውቅም። ዓርብ ዕለት በሰው ላኩልኝ።»

አመሰገነችው። «ሌላ ቦታ ነበርኩ» የሚለው ማስረጃው እንደ ሱፉ ነው፤ አንድ ክር እንኳ አልተፈታም።

*

እንደገና ወደ አሮጊቷ፣ ወደ ሾፌሩ እናት፣ የሄደችው ማንም ሳያዛት ነው። ችኮ ናትና። ሌላው በር ሁሉ ተዘግቶባታል። አሮጊቷን ያገኘቻት አልጋ ላይ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ፣ ጉልበቷን በመዳፏ እያሸች ነው።

«ልጄን መልሰሽ ካላመጣሽልኝ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ያምዎታል እማማ?»

«ምን ያገባሻል? እሷ እያለች አያመኝም ነበር። ከሥራ ስትመጣ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር እዚህ ትቀመጥና እጇን ጉልበቴ ላይ ታደርግልኝ ነበር። እንደ ፍም ነው የምትሞቀው! ብርድ የሚባል ነገር አታውቅም። ‹እማዬ፣ እኔ እዚህ ሳለሁ ምድጃ ምን ያደርግልሻል› ትለኝ ነበር።»

መርማሪዋ ከወንበሩ ብድግ አለች።

«ምን አሉኝ?»

«ትሞቃለች አልኩሽ። መስማት የተሳነሽ ነሽ እንዴ? ሁልጊዜ። ትኩሳት ያለባት ነበር የሚመስለው፤ ግን ታማ አታውቅም።»

ምድጃ! ማሽኒስቱ አፉን ሞልቶ ነግሯት ነበር፤ እሷ ነች ጆሮ ዳባ ልበስ ያለችው። ቁጣዋ በራሷ ላይ ሆነ። ለመሄድ ዞር ስትል ዓይኗ ከአልጋው ሥር ባሉ አዳዲስ ጥቁር ጫማዎች ላይ አረፈ። ተወልውለው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ጉልበቷን ለሚያማት፣ ከቤት ለማትወጣ አሮጊት የማይሆኑ የክት ጫማዎች።

«የት ሊሄዱ ነበር እማማ?»

አሮጊቷ በዱላዋ ጫፍ ጫማዎቹን ወደ አልጋው ሥር ገፋች። ስትመልስ ድምጿ ወርዶ ነበር።

«ቅዳሜ ማታ፣ ከእሷ ጋር። ‹ከሥራ ወጥቼ መጥቼ ልወስድሽ ነው፤ ጫማሽን አድርገሽ ጠብቂኝ› አለችኝ። ተጫምቼ ጠበቅኋት። ሳይመሽ ጀምሮ ተጫምቼ ጠበቅኋት።»

«ወዴት ልትወስድዎ?»

«ሁለት ልጆች ወልጃለሁ» አለች አሮጊቷ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «አንዱን አስራችሁታል። ስለ ሌላው አትጠይቂኝ።»

*

ሐኪሙ ሰምቷት ሲጨርስ ግንባሩን መታ።

«ሬሳ የሚቀዘቅዘው ቀስ በቀስ ነው። ሲሞት ምን ያህል ሙቀት እንደነበረው ካወቅን ወደ ኋላ ሄደን ሰዓቱን እናገኛለን። እኔ የተነሳሁት ከእኔና ከአንቺ ሙቀት ነው። እሷ ከዚያ በላይ ትሞቅ ከነበረ...»

«የሞተችው ከተባለው ሰዓት ቀደም ብሎ ነው።»

«በብዙ ቀደም ብሎ። ግን በአሮጊት ቃል ብቻ ስሌት አልሠራም። እንግዳ ፈልጊልኝ፣ በሕይወት ያለ።»

ከጣቢያው ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ አንድ እንግዳ ጫማ ሰፊ አለ። መርማሪዋና ሐኪሙ ሲገቡ መዶሻውን አስቀምጦ፣ ሳይጠየቅ ሰማያዊ መታወቂያውን አወጣ።

«እሱን አይደለም» አለች መርማሪዋ። «ሙቀትህን ልንለካ ነው፤ ከፈቀድክ።»

«ለምን?»

ነገረችው። ሰውየው ሙቀት መለኪያውን አየው፣ እሷን አየ።

«በዚህ ነገር ገዳይዋን ልትይዢ ነው። ነገ ደግሞ ሌላው ሰው ይሄንኑ ይዞ ‹ይኸው፣ ሰው አይደሉም› ሊል ነው።»

«ሊል ይችላል» አለች። ልትዋሸው አልፈለገችም።

«አንቺስ ያን ጊዜ ምን ትያለሽ?»

«ሲመጣ እመልስለታለሁ።»

ጫማ ሰፊው መዶሻውን ወደ ጎን ገፋ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ። «ለኪኝ። ደግሞ እኔን ብቻ አይበቃችሁም። ሚስቴንም፣ ጎረቤቶቼንም እጠራለሁ። ተሸሽገን ምን ተረፈን?»

ሁሉም እንደ ፍም ሞቁ። ሐኪሙ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋና ሲሠራ ዋለ። ሲወጣ ጠራዧ የሞተችው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ነው አለ። ያን ሰዓት ሾፌሩ ጢም ብሎ የሞላ አውቶብስ ይነዳ ነበር፤ ትኬት ቆራጩም፣ ስምሪት ተቆጣጣሪውም መሰከሩለት። አዳራሹ ደግሞ ገና አልተከፈተም ነበር።

*

መርማሪዋ «ሰው ማን ነው?» የሚለውን ጥራዝ ማሽኒስቱ ፊት ለፊት አስቀመጠች።

«ይሄን የት አገኘሽው?» አለ ወዲያው።

«አዳራሹ በር ላይ ቅዳሜ ማታ ሲታደል ነበር።»

«ቅዳሜ ማታ? አይሆንም።» ጥራዙን አንስቶ ጀርባውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «እኛ እኩለ ቀን ላይ ስንወጣ እነዚህ ገና መጭመቂያው ውስጥ ነበሩ። ኮላቸው አልደረቀም፣ ጠርዛቸው አልተቆረጠም። እሷ የቀረችው ለእነዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ ከእጇ የተቀበላት ሰው ካልኖረ በቀር...» አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«ዓርብ ተልከዋል የሚል ሰው አለ።»

«ዓርብ? ዓርብ ወረቀታቸው ገና ማሽኔ ላይ ነበር!» ማሽኒስቱ ጥራዙን እንደ ትኩስ ነገር መልሶ አስቀመጠው። «እሷ ሰው አይደለችም የሚለውን መጽሐፍ እሷው ጠረዘችው? አንብባው ይሆን?»

«ይመስለኛል።»

ማሽኒስቱ ፊቱን አዞረ። ዘወር ብሎም በቀለም በጠቆረ እጁ ዓይኑን ሲጠርግ አየችው።

*

የጠበቃው ቢሮ ግድግዳው ሙሉ መጽሐፍ ነው። መርማሪዋ ሳጅኑን በሩ ላይ አቁማ ገባች። ጠበቃው ፊት ያልተነካ ሻይ ነበር።

«ወንድሜን ፈታችሁት?» አለ።

«እየፈታነው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«ማታ መስሎኝ የጠየቅሽኝ።»

«አሁን ከሰዓት በኋላ ነው የጠየቅሁዎ።»

ስለ ኮላው ነገረችው። ስለ ዓርቡ ነገረችው። ስለ ሙቀቱም ነገረችው። ጠበቃው ሙቀቱ ላይ ስትደርስ ፊቱ አበራ፤ የፈለገው ነገር በራሱ እግር የመጣለት ሰው መሰለ።

«ስለዚህ» አለ፣ እጆቹን አቆላልፎ። «መዝገብሽ በሙሉ የቆመው ሙቀቷ ከሰው ሙቀት የተለየ በመሆኑ ላይ ነው። እኔ ጥራዝ ጽፌ፣ አዳራሽ ተከራይቼ ያላረጋገጥኩትን አንቺ በሙቀት መለኪያ አረጋገጥሽልኝ። ሰው አልነበረችም። ሰው ካልሆነች ደግሞ ግድያ የለም። እዚያ ገብቼ ነበር ብልሽስ ምን ታመጪያለሽ?»

«ሐኪሙ ለሕፃን ሬሳ ስሌቱን ይቀይራል። ለወፍራምም፣ ትኩሳት ይዞት ለሞተም ይቀይራል። ትኩሳት የያዘው ሰው ከሰውነት ተራ ይወጣል?»

«የቃላት ጨዋታ ነው።»

«ይሁን፣ ቃላት እንተው።» መርማሪዋ የተቀመጠችበትን ወንበር በእጇ መታ መታ አደረገችው። «ይሄን ወንበር ቢሰብሩት ምን ያደርጋሉ?»

«ሌላ አስመጣለሁ።»

«እጅዎን ይታጠባሉ? የሰበሩበትን ብረት ይወለውላሉ? በላዩ ወረቀት ይንዱበታል? ፖሊስ ሲመጣ ‹እግሬ ረግጦት አያውቅም› ይላሉ? ለወንበር?»

ጠበቃው ዓይኑን ወደ መጻሕፍቱ መለሰ።

«እንደዚያ የሚደበቀው ሰው የገደለ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ገና ሲከራከር፣ ዘንጉን ይዘው ኮላውንና ደሙን ሲያጥቡ እርስዎ ሰው መሆኗን አውቀዋል። ከሁላችንም በፊት።»

ጠበቃው ሻዩን አንስቶ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው። ሲናገር ድምፁ ለስላሳ አልነበረም።

«አንብባዋለች» አለ። «ጥራዞቹን አስራ ሰጠችኝና ‹አንብቤዋለሁ፣ ቋንቋህ ያምራል› አለችኝ። ስቃ ነው ያለችኝ። ‹ማታ ከእናትህ ጋር እመጣለሁ። ከፊት ተቀምጬ እጄን አወጣለሁ። ይሄን ምን ብለህ እንደምትጠራው እጠይቅሃለሁ› ብላ ሆዷን ዳሰሰች። የወንድሜን... የእናቴን...» አልጨረሰውም። «እናቴ እዚያ ልትቀመጥ! ሕዝቡ ሁሉ እያየ! ዝም በይ አልኳት። ‹እኔ ዝም ብል ልጁ ዝም አይልም› አለችኝ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ሥራዋ ዞረች። እንደ ምንም ነው የቆጠረችኝ።»

መርማሪዋ ተነሳች። «ተነስ» አለችው። «ከዚህ በኋላ ‹እርስዎ› የለም።»

*

አለቃዋ ወረቀቱን በጣቱ ጫፍ ገፋው። «‹ሰው በመግደል› ብለሽ ጽፈሻል። አልፈርምም አልኩሽ።»

«ሰምቻለሁ። ከሥሩ እኔ ፈርሜያለሁ።»

«ዐቃቤ ሕጉ መልሶ ይወረውርልሻል።»

«ይወርውረው፤ አንስቼ እልክለታለሁ። ደግሞ ቢወረውረው ደግሜ እልክለታለሁ። ችኮ አይደል የምትሉኝ? አሁን እወቁኝ።»

አለቃዋ አልጮኸባትም። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ። እሷም አልጠበቀችውም፤ መዝገቡን በራሷ እጅ አድርሳ ተመለሰች።

ጠራዧን ለቤተሰብ ያስረከበው ሐኪሙ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ መኪና ቢልክ፣ በሩ ላይ ቆሞ «እዚህ ያለችው የእኔ ሟች ናት፤ ሂዱ» ብሎ መለሳቸው። የሾፌሩ ጓደኞች አውቶብስ ይዘው መጡ። ሳጥኑን የተሸከሙት ሾፌሩ፣ ባለ ማተሚያ ቤቱና ማሽኒስቱ ናቸው፤ ማሽኒስቱን ማንም አልጠራውም፤ መጥቶ ትከሻውን ከሥር አስገባ። በዋናው መንገድ፣ በቀን ብርሃን፣ መብራት አብርተው ነዱ። መርማሪዋ ከመሪው ወንበር ጀርባ ቆማ ሄደች።

የመቃብሩ ጠባቂ ሰማያዊውን መታወቂያ ሲያይ የብረት በሩን ያዘ።

«አይቻልም። ይሄ የሰው መቃብር ነው።»

አሮጊቷ ከአውቶብሱ በዱላዋ ተደግፋ ወረደች። ስለ ታላቅ ልጇ አንድ ቃል ሳትናገር ነው የሰነበተችው፤ ፊቷ በጥቂት ቀን ውስጥ ተሸብሽቦ አልቋል። አንገቷ ግን ቀጥ ብሏል።

«ምራቴ ናት» አለች።

«እማማ፣ ይግባዎት። እኔ የምጠይቀው ሰው ናት ወይ ነው።»

«ምራቴ ናት አልኩህ እኮ! የልጅ ልጄም አብሯት አለ። አንተ፣ ምን ሆኜ እታይሃለሁ? እኔ የዛፍ አማት ነኝ? የድንጋይ አያት ነኝ?»

ጠባቂው ዓይኑን አሸሸ። «ነገ ማን ፈቀደልህ ቢሉኝስ?»

መርማሪዋ መታወቂያዋን አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «እኔ ነኝ በላቸው። ያዘው፣ ማስረጃ ይሁንህ። ፈልገው ያግኙኝ።»

ጠባቂው መታወቂያውን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ አሮጊቷን አየ። ከዚያ ጠበብ ያለውን መተላለፊያ ሳይሆን ትልቁን በር ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጎ ከፈተው። ሳጥኑ ገባ። ሾፌሩ በአንድ ትከሻው እንደተሸከመ፣ በሌላ እጁ እናቱን በክንዷ ደግፏል።

ከአጥሩ ውጪ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሰዎች ቆመው ነበር። ጫማ ሰፊው፣ ሚስቱ፣ ጎረቤቶቹ፣ ከየት እንደመጡ የማታውቃቸው ሌሎችም። ይሄን በር ከነሱ መካከል አልፎት የሚያውቅ የለም። ተጠጋግተው ቆመው፣ ከሩቅ ያያሉ።

መርማሪዋ ተመልሳ መሃል መንገድ ላይ ወጣች።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች ጮክ ብላ፣ አላፊ አግዳሚው እየሰማ። «የራሱ ሰው ሲቀበር ውጪ የሚቆም አለ እንዴ? ግቡ እንጂ!»

መጀመሪያ የገባው ጫማ ሰፊው ነው። ከዚያ ሁሉም ገቡ።